ለቀረጻ ክፍላችን ጣሪያ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የድምፅ ሙያ ባልደረቦቻችን፣

ስንጽፍላችሁ ይህ ሦስተኛችን ነው። ደጋግመን ማስቸገራችን እኛንም ይከብደናል። ነገር ግን ጣሪያው ከወደቀ ወዲህ የተሰበሰበው ገንዘብ ከሚያስፈልገው ግማሹን እንኳ አልሞላም። ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ጭራሽ ቆሟል።

ያን ጠዋት በሩን የከፈትነው እኛው ነን። ኮርኒሱ መሃል ለመሃል ተቀዶ ወርዷል። ለድምፅ መከላከያ ግድግዳው ውስጥ ያስገባነው ሱፍ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ምንጣፉ ሲረገጥ ይንቦጫረቃል። ስክሪፕቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አገኘናቸው። አንድ በአንድ አላቀን ገመድ ላይ ሰቀልናቸው። ጽሑፉ ይነበባል። ትንፋሽ የምንወስድበትን ቦታ በእስክሪብቶ ያሰመርንበት ግን ፈሶ ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ሆኗል። ከሦስቱ ማይኮች ሁለቱ ከደረቁ በኋላም ሲከፈቱ ይንጣጣሉ። ኮንደንሰር የሚባለው፣ ረቂቅ ድምፅ የሚይዘው የማይክ ዓይነት፣ እርጥበት ከገባበት እንዲህ ነው።

«እስካሁን ያዋጣነው ምን ላይ ዋለ?» ያላችሁን አላችሁ። መጠየቃችሁ ትክክል ነው። ክፍሉ ሲሠራ ገንዘቡ የገባው በዓይን የማይታየው ነገር ላይ ነው። ስቱዲዮ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ስፖንጅ ነው። ስፖንጅ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ የውጭውን መኪና አያስቆምም። ድምፅ የሚገታው ክብደት ነው፦ ድርብ ግድግዳ፣ ወፍራም በር። ከበሩ ሥር ትንሽ ክፍተት ከቀረች ደግሞ ግድግዳውም ከንቱ ነው። ለዚህ ነው በሩ ላይ ያን ያህል ያወጣነው። ነገ እንደ አዲስ ብንጀምርም እዚያው ላይ እናወጣለን። ለመጽሐፍ ትረካ ከሚጠየቁት መለኪያዎች አንዱ፣ ማንም ሳይናገር የሚቀረጸው የክፍሉ ድምፅ ከ-60 ዴሲቤል በታች፣ ማለትም እጅግ ጸጥ ያለ፣ እንዲሆን ነው። ክፍላችን ይህን አልፏል። ቁም ሳጥን ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንባችሁ የቀረጻችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጣሪያውን ሳናስመረምር መጀመራችን ግን ጥፋታችን ነው። ደህና ነው ተባልን፣ አመንን። ደረሰኞቹ በሙሉ በፋይል ተቀምጠዋል፤ ማየት ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ናቸው።

ሒሳቡ በማኅበሩ ስም የተከፈተው ነው። ቁጥሩ አባልነት ካርዳችሁ ጀርባ ላይ አለ፤ አልተቀየረም። ምክንያት በሚለው ቦታ «ለጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ።

ክፍሉ ደግሞ ቀረጻ ብቻ አይደለም የሚሠራበት። የድምፅ አውታሯ ላይ እብጠት ወጥቶ ሐኪም «ቃል እንዳትተነፍሺ» ያላትን እህታችንን አስታውሱ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ደብተር ላይ እየጻፈች ነው ያወራችን። በእኛ ሥራ ድምፅ ከሌለ ገቢ የለም። ተራ ይዘን ሥራዋን ሸፈንንላት፤ ደንበኞቿንም ስትድን መልሰን አስረከብናት። የተሰበሰብነው እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር።

ድሮም ይህ ሙያ በዚህ ነው የቆመው። አሜሪካዊው የካርቱን ድምፅ ተዋናይ ሜል ብላንክ እ.ኤ.አ. በ1961 በመኪና አደጋ ክፉኛ ሲጎዳ፣ ለጥቂት የካርቱን ፊልሙ ክፍሎች የሙያ ባልደረባው ዶውስ በትለር ተክቶት ሠራ። ኋላም ብላንክ ገላው በጀሶ ታስሮ አልጋ ላይ እያለ፣ ቀረጻው እሱ ዘንድ ሄደ። ባልደረቦቹ አልጋውን ከበው አብረውት ሠሩ።

«ማሽን ድምፃችንን ሊተካ ነው፣ አሁን ስቱዲዮ ምን ያደርጋል?» ያለንም ወንድም አለ። ስጋቱ ስጋታችን ነው። በአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ድምፅ ተዋናዮች በዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አንድ ዓመት ያህል ሥራ አቁመው፣ ያለ ፈቃዳቸው ድምፃቸው በማሽን እንዳይሠራ የሚጠብቅ ውል አስፈርመዋል። አንድ ሰው ብቻውን ይህን አያስፈርምም። እኛም ውል አብረን የምናነበው፣ «ይህቺን አንቀጽ እንዳትፈርም» የምንባባለው በዚያው ክፍል ነው።

ድምፃችን ፈጣሪ የሰጠን ነው፤ የምንኖረውም በእሱ ነው። ዛሬ ሥራ የሞላለት፣ ሥራ ላጣው ጓደኛው የማዋጣት ግዴታ አለበት ብለን እናምናለን። ትንሽ ናት ብላችሁ አትፈሩ። ለሁለተኛ ጊዜ የሰጣችሁንም አንረሳም፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

አደራ፣ አንድ ጊዜ እንድገመው። በማኅበሩ ስም ካለው ሒሳብ ሌላ ሒሳብ የለንም። ያለ ሁለት ሰው ፊርማ ወጪ አይደረግበትም። ደውሎ ሌላ ቁጥር የሚሰጣችሁ ካለ ከእኛ አይደለም። «ለጣሪያ» የሚለውን አትርሱ፤ ያለዚያ ከወርኃዊ መዋጮ ጋር ይቀላቀልብናል። ልካችሁ ደረሰኝ ያልደረሳችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ንገሩን።

ገንዘብ ያልተመቻችሁ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ኑ። እርጥቡን ሱፍ ከግድግዳው እናወጣለን። አቧራው ጉሮሮ ይጎዳልና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዳትረሱ። ጓንት እኛ አለን።