ለማሙሽ አራተኛ ልደት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና አባትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ታኅሣሥ 11 ቀን የሚውለውን የማሙሽን አራተኛ ልደት አዳራሽ ተከራይታችሁና ዲኮር የሚሠሩ ሰዎች ቀጥራችሁ ለማክበር፣ ለዚሁም ገንዘብ ለመበደር እንዳሰባችሁ ከነገርሽኝ ጀምሮ ጉዳዩ ከሐሳቤ አልወጣም። ለልጅሽ ደስታ መጓጓትሽን እወድልሻለሁ፤ ነገር ግን በብድር የተደገሰ ልደት ዕዳው ለእናንተ ሲተርፍ፣ እርሱ በአራት ዓመቱ አዳራሹን ከሳሎናችሁ ለይቶ አያየውም።

የበዓሉን መልክ ማሙሽ ራሱ መርጦልናል። የብሔራዊ ቡድናችንን ማሊያ ከለበሰ ወዲህ «እኔ ዋልያ ነኝ» እያለ ከሶፋ ሶፋ የሚዘል ልጅ ስለሆነ፣ ቤታችሁን ለአንድ ከሰዓት በኋላ የሰሜን ተራሮች እናድርግለት።

ወለሉን በሙሉ ቄጠማ ጎዝጉዢው። ለማንኛውም በዓል የምንገዛው ቄጠማ ለዚህ ቀን የተራራ ሣር ይሆናል፤ ጭላዳ ዝንጀሮ አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ከሣር ነውና ልጆቹ ደረታቸው ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፎላቸው፣ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ቄጠማውን በጣቶቻቸው ይንጩ። ቀዩን ወረቀት አትርሺ፤ ጭላዳ ደረቱ ላይ ፀጉር ያልሸፈነው ቀይ ቆዳ ስላለው ልጆቹ በሥዕል ያዩትን እንስሳ ወዲያው ያውቁታል። የዋልያው ቀንድ ከባዶ ካርቶን ይወጣል፤ ወደ ኋላ የታጠፈ ማጭድ አስመስለሽ ሁለት ሁለት ቁረጪ፣ በወንዱ ዋልያ ቀንድ ላይ የሚታዩትን ጉብጉብታዎች በማርከር አስምሪ፣ ከዚያ ራስ በሚዞር የካርቶን ጥብጣብ ላይ አጣብቂው። ሥራውን ዋዜማውን ከማሙሽ ጋር ሥሪው፤ ቀንዱ ቢጣመም አይክፋሽ፣ እርሱ ያሰመረው ስለሆነ ይኮራበታል። እንግዶቹም ቀንዳቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ስለሚሄዱ ሌላ የመሸኛ ስጦታ መግዛት አይኖርብሽም።

ጨዋታው ኩኩሉ ይሁን። ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድነው በቀን ስለሆነ፣ ፈላጊው ቀበሮ ሆኖ ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ሲል አይጦቹ ከየተደበቁበት «አልነጋም!» ይላሉ፤ «ነጋ!» ሲሉት ደግሞ አደኑ ይጀመራል። ለዚህ አንድ ሳንቲም አይወጣም።

ቀኑ በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል፣ ልጆቹ ባይጾሙም ይዘዋቸው የሚመጡት ወላጆች ሊጾሙ ይችላሉና እንቁላልና ቅቤ ያለበትን ኬክ ትተሽ ድፎ ዳቦ እንድፋለት። በኮባ የተጋገረውን ትልቁን ድፎ ከታች፣ አነስ አነስ ያሉትን ሁለቱን ከላይ ስንደራርባቸው ራስ ዳሸን ይሆናል፤ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነውና አራቱን ሻማዎች አናቱ ላይ ሰክተን ዙሪያውን በፈንዲሻ በረዶ እናለብሰዋለን። ፈንዲሻውን ግን አራት ዓመት ላልሞላቸው ታናናሾች አትስጪ፤ ጉሮሯቸው ላይ ሊሰነቀር ይችላል፤ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም ከወለሉ ፈጥኖ ይነሣ። ለመጠጥ የለስላሳ ሣጥን ከማስመጣት ይልቅ በሶ በስኳር በጥብጪላቸው፤ ገብስ የዚያው የደጋው ሰው እህል ስለሆነ ከበዓሉም ጋር ይሄዳል።

ገንዘብሽን ከሁሉ የሚቆጥብልሽ ሰዓቱን በወጉ መምረጥ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ብለሽ ከጠራሽ ሁሉም ምሳውን በልቶ ስለሚመጣ ወጥ መሥራት አይጠበቅብሽም፤ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆችም ከሁለት ሰዓት በላይ ሲቆዩ ይደክማቸውና ማልቀስ ይጀምራሉ። ከብሎካችሁና ከመዋዕለ ሕፃናቱ ስምንት ያህል ልጆች ይበቃሉ።

ኮባውንና ዱቄቱን እኔ ይዤ ዋዜማውን እመጣለሁ፤ አባትሽም መርቆ ዳቦውን ይቆርስለታል። አንቺ ካርቶኑን ከሱቅ አሰባስቢ፤ ለአዳራሹም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ከባለቤትሽ ጋር ተማክረሽ ደውዪልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ