ቀዩን ቀለም መልሳችሁ ላሳያችሁኝ ሁሉ

በሐዋሳና ከሐዋሳ ውጭ ለምትገኙ ቤተሰቦቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ የእድርና የጽዋ ማኅበር ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንዲሁም ለቀድሞ ተማሪዎቼ፦

በቀኝ ዓይኔ ላይ የነበረው ሞራ በኅዳር መጨረሻ በቀዶ ሕክምና ተነሥቶልኝ፣ እነሆ ይህን የምስጋና መልእክት በገዛ እጄ ለመጻፍ በቅቻለሁ። ዕድሜዬ 74 ነው። በ60 ዓመቴ ከመምህርነት በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ ንጋት ላይ ዳዊት መድገም፣ ረፋዱን ወደ ሐይቁ ዳር ወረድ ብሎ መመለስ፣ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ልጆች ሒሳብ ማስጠናት ልማዴ ነበር፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን ሦስቱም አንድ በአንድ ቀርተውብኝ ነበር።

ሞራ አያምም፤ ክፋቱም ይኸው ነው። በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ቀስ በቀስ እየደፈረሰ ስለሚሄድ፣ ሰው የመብራቱን ማነስ ይወቅሳል እንጂ ዓይኑን አይጠረጥርም። እኔም ሦስት ጊዜ መነጽር ለውጫለሁ፤ የሸጠልኝ ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ ሐኪም ዘንድ ሂድ አላለኝም። (ይህን ማንሣቴ እናንተ እኩዮቼ ገንዘባችሁን በከንቱ እንዳታወጡ ብዬ ነው፤ ሞራን መነጽር አይመልሰውም።) በመጨረሻ በዳዊቴ ላይ የአምላክ ስም የተጻፈበት ቀይ ቀለም ከጥቁሩ አልለይ ቢለኝ፣ መጽሐፉን በማኅደሩ ከትቼ ሰቀልሁት። «ለቀረችኝ ዕድሜ ምን ቀዶ ሕክምና ያሻኛል፤ ፀሐይ እየሞቅሁ ጥሪዬን እጠብቃለሁ» ስል ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ነገሩ ትሕትና ቢመስልም ስንፍና ነበር።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው የጎረቤቴን ልጅ፣ የ9ኛ ክፍሏን ተማሪ ነው። ዳዊቱ መሰቀሉን ባየች ማግስት ማንም ሳይልካት ጎህ ሲቀድ መጥታ፣ የሰኞውን ድርሻ ግእዙ አፏ ላይ እየተሰናከለባት ታነብልኝ ጀመር። እኔ በቃሌ እያረምኋት፣ እሷ በዓይኗ እየመራችኝ ዓመት ያህል ቆየን። የእድራችን ዳኛ ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥተው «እድር ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማን ነው?» ብለው ተቆጡኝ፤ ከአባላቱ የተዋጣውንም ገንዘብ በልጄ እጅ አኖሩ። ሕክምና በሄድሁ ቁጥር የቀድሞ ተማሪዬ በባጃጁ አመላልሶኛል፤ ሒሳብ ስጠይቀው «ሒሳቡን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» እያለ አንዲት ብር አልተቀበለኝም።

ዓይኔን ብቻ አደንዝዘው፣ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሹን የተኩልኝን ሐኪምና ነርሶች እግዚአብሔር ያክብራቸው። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣልኝ መጀመሪያ ያየሁት የልጄን ነጠላ ነው። «መቼ ገዛሽው?» አልኋት። ለሁለት ዓመት ሻይ የፈሰሰበት ይመስለኝ የነበረው ያው የዱሮው ነጠላ ኖሯል። ልጄ መልስ ልትሰጠኝ አልቻለችም፤ ፊቷን በዚያው ነጠላ ሸፈነች።

ሐኪሙ ለሳምንታት እንዳላጎነብስ፣ ከባድ ነገር እንዳላነሣ፣ ዓይኔንም ውኃ እንዳላስነካ አዝዞኝ ስለነበር፣ ታኅሣሥ 19 ቀን በገብርኤል ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ ቆሜ መቅረቴ ከብዶኝ ነበር። የንስሐ አባቴ ግን «ዘንድሮ በዓይንዎ ይስገዱ» አሉኝ። ታቦቱ ሲወጣ ጥላዎቹን አንድ በአንድ፣ ቀዩን ከአረንጓዴው፣ ሰማያዊውን ከሐምራዊው እየለየሁ በዓይኔ ሰገድሁ። የንስሐ አባቴንም፣ ከሕዝቡ ግፊያ ከልለው ያቆሙኝን የማኅበሬን ሰዎችም አመሰግናለሁ።

የግራው ዓይኔ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ይደረጋል ተብሏል። የሒሳብ ጥናቱ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እንደ ቀድሞው ቀጥሏል፤ ልጆቻችሁን ላኩ። ዳዊቱም ከተሰቀለበት ወርዷል፤ አሁን የማነበው እኔ ነኝ፣ ስሳሳት የምታርመኝ ደግሞ የ9ኛ ክፍሏ ተማሪ ናት።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛው መምህር
ሐዋሳ