በክረምት ትል፣ በበጋ ሣር፦ የሥነ ሕይወት ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ

መስከረም ላይ 31 ሆነን ጀመርን፤ ሰኔ ላይ 17 ቀረን። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ተገናኝተናል፣ ሰልፍ ላይ አራት ጊዜ አቅርበናል፣ ከላብራቶሪው ጀርባ እንጉዳይ ለማብቀል ሞክረን ሦስቱንም ከረጢት አረንጓዴ ሻጋታ በላው። ጭዱን በከሰል ምድጃ የቀቀለ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይጠብቃል? አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

አንዲት የ10ኛ ቢ ተማሪ አለችን፤ ሯጭ ናት። ልምምድ የምትሠራበት ቦታ አንድ ሰውዬ «የቻይና ሯጮች የሚወስዱት ነው» እያለ ዱቄት ሊሸጥላት ይሞክራል። «ቲቸር፣ ትል ነው አሉኝ። ልግዛ?» አለችኝ። እኔም አላውቀውም ነበር። አብረን እናጥናው አልኳት። ሁለት ወር ፈጀብን።

ነገሩ ትልም ፈንገስም ነው። በቲቤት አምባና በሂማላያ፣ ከ3,000 እስከ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አፈር ውስጥ ሥር እየበላ የሚያድግ የእሳት እራት እጭ አለ። ፈንገሱ ይገባበትና ከውስጥ እየበላ ይገድለዋል። ቆዳው እንዳለ ይቀራል፤ ውስጡ ግን ፈንገስ ብቻ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ከሞተው ትል ራስ ላይ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ቡናማ ነገር ከአፈር ብቅ ይላል። ቻይኖች «በክረምት ትል፣ በበጋ ሣር» ይሉታል። ልጆቹ ክረምት ሲባል ሐምሌን አስበው ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁ፤ የነሱ ክረምት የበረዶው ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1694 በቻይና የመድኃኒት መጽሐፍ ተጽፏል፤ ለሳንባና ለኩላሊት ይሰጡታል። በሚዛን ከወርቅ የተወደደበት ጊዜም አለ። በአንዳንድ የቲቤት አካባቢዎች የለቀማው ወቅት ሲደርስ ትምህርት ቤት ይዘጋል። (ይህን ስናገር ያጨበጨቡትን ስማቸውን ይዣለሁ።)

የሩጫው ወሬስ? እ.ኤ.አ. በ1993 ዋንግ ጁንሺያ 10,000 ሜትርን በ29:31.78 ስትሮጥ አሠልጣኟ ማ ጁንሬን ምስጢሩ ይሄ ፈንገስና የኤሊ ደም ነው አለ። ዓለም ግን አላመነውም፤ ከ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ በፊት ስድስት ሯጮቹ ከደም ምርመራ በኋላ ከቡድኑ ወጥተዋል። ክብረ ወሰኑ 23 ዓመት ቆየ። ማን እንደሰበረው ለናንተ አልነግርም፤ አልማዝ አያና ሪዮ ላይ 29:17.45 ስትገባ ሰፈሩ ሁሉ ጮኋል። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የቻይና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከዚህ ፈንገስ በሚሠሩ ምርቶች ውስጥ ከመጠን ያለፈ አርሴኒክ እንዳገኘ አስጠነቀቀ። ልጅቷ ዱቄቱን አልገዛችም። «ክበብ ለማትሪክ ምን ይጠቅማል?» የምትሉኝ ባልደረቦቼ፣ መልሴ ይኸው።

ሚያዝያ ላይ ዝናብ ከጣለ በኋላ ከሽሮ ሜዳ በእግር ወደ እንጦጦ ወጣን። የታክሲውን እኔው ችያለሁ፤ ይመዝገብልኝ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ «እንጦጦ 3,200 ሜትር ከሆነ ለምን እዚህ አይበቅልም?» አለ። ከፍታው ቢበቃም የእሳት እራቷ እዚህ የለችም አልኩት። ብዙም አላመነኝም። ሯጯ ግን ክርክሩን ትታ የቲቤት ለቃሚዎችን ፎቶ ላይ እንዳየቻቸው ሹራቧን አንጥፋ በሆዷ ተኛች። ፊቷን ከሣሩ አስጠግታ፣ ቅጠል በቅጠል እያነሳች። ሌሎቹ ምሳቸውን በልተው ኳስ ጀመሩ፤ እሷ አልተነሳችም። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይታ ጠራችኝ። ከባሕር ዛፍ ቅጠል ሥር የሞተ ጥንዚዛ፤ ከእግሮቹ መገጣጠሚያ ሁሉ ነጭ ጥጥ የመሰለ ፈንገስ ወጥቶበታል። «ቲቸር፣ ትሉ የለም፤ ገዳዩ ግን የእኛም ሰፈር አለ» አለች። አስተማሪ ሆኜ 14 ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፍ አስነብቤ አላውቅም።

የትኛው ፈንገስ እንደሆነ ግን አላወቅንም። ማየት የነበረብን በማይክሮስኮፑ ነው፤ የማይክሮስኮፑን ሌንስ ደግሞ ራሱ ሻጋታ ይዞታል። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ሌንስ ማጽዳት የሚችል ወይም የሚችል ሰው የሚያውቅ ወላጅ ካለ በዕረፍት ሰዓት ላብራቶሪ አለሁ። ጥንዚዛው እስከዚያ በጃም ጠርሙስ ውስጥ መስኮቱ ላይ ነው። ጽዳት የምትሠሩ እህቶቻችን፣ እባካችሁ እንዳትጥሉት።