ምሽት ላይ እጅሽ የሚይዘው ሥራ

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ከሥራ ስትመለሺ ከስልክ የሚያላቅቅሽ፣ ጭንቅላትም የማያደክም የእጅ ሥራ ጠይቀሽኝ ነበር። ዶቃ መስካት ጀምሪ። ሱቅ ከመሄድሽ በፊት ግን ይህን አንብቢ፤ ዶቃ አናደደኝ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ በደቃቅ ዶቃና በመጥፎ ክር የጀመረ ነው።

የብርጭቆ ዶቃ የሚለካው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ዶቃዋ ታንሳለች፣ ግር አይበልሽ። ሱቅ ውስጥ የሚበዛው 11 ቁጥር 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ የጀማሪን ዐይን ያደክማል። አንቺ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን 8 ቁጥር ግዢ፤ ቀይ 10 ግራም፣ ነጭ 10 ግራም ለአንድ አምባር ይበቃሻል። ሚዩኪና ቶሆ የሚባሉት የጃፓን ፋብሪካዎች ዶቃዎች እኩል እኩል ናቸው። በቼክ አገር ዶቃዎች ውስጥ ቀጭኑና ወፍራሙ ይደባለቃልና የተንሻፈፈችውን እየለየሽ አስቀምጪ። ቀለሙን ከተጠራጠርሽ ጥጥ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ነክረሽ እሺው፤ የሚለቅ ከሆነ ተዪው።

በክር ላይ አትሰስቺ። የልብስ ስፌት የጥጥ ክር በብርጭቆው ቀዳዳ ጠርዝ ተፈትጎ ይበጠሳል። ለዶቃ ተብሎ የተሠራ የናይለን ክርና 10 ቁጥር የዶቃ መርፌ ያዢ። ክሩን 1.5 ሜትር ቁረጪና በንብ ሰም ላይ ሁለቴ ጎትቺው፤ መተብተቡን ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ካስረዘምሽው ግን ሰምም አያድነውም። ዶቃውን ትሪ ላይ በተነጠፈ የሱፍ ጨርቅ ላይ አፍስሺ፤ አይንከባለልም፣ መርፌውም በቀላሉ ያነሳዋል።

አሁን ሥራው። አንድ ትርፍ ዶቃ ከክሩ ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ አድርጊና መርፌውን ሁለቴ አሳልፊባት፤ ሌሎቹ እንዳይፈሱ ትይዛለች፣ በኋላ ትወጣለች። ከዚያ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ እያልሽ 8 ዶቃ ስኪ፤ የመጨረሻዋ ቀይ ትሁን። ሌላ ቀይ አንሺ፣ የመጨረሻዋን ቀይ ዝለዪና በቀጣይዋ ነጭ ውስጥ መርፌውን ወደ ኋላ መልሺ። እንዲሁ እስከ መጀመሪያዋ ነጭ። ስትመለሺ ደግሞ ነጭ እያነሳሽ ብቅ ባሉት ቀዮች ውስጥ ታልፊያለሽ። ሕጉ ይኸው ብቻ ነው፦ ቀይ ከያዝሽ በነጭ፣ ነጭ ከያዝሽ በቀይ። በየረድፉ አራት ዶቃ ብቻ ስለሆነ ቆጠራ አያስጨንቅሽም፤ ከተሳሳትሽም በርዝመቱ የሚወርደው የቀይና የነጭ መስመር ወዲያው ይሰበራል። ስፋቱ 1.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ረድፎች ይጠማዘዛሉ፤ የሁሉም እንዲሁ ነው፣ አትፍቺው። በጣትሽ ጠፍጥፈሽ ያዢና ቀጥዪ፣ አራተኛው ላይ ይረጋል። በኋላም እንደ ሽቦ ከደረቀ አጥብቀሽ ስበሻል። በዶቃዎቹ መካከል ክር ከታየ ደግሞ ላልቷል። ስትፈቺ መርፌውን በመጣበት መንገድ አትመልሺው፤ የቀድሞውን ክር ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ ወዲያ አይፈታም። መርፌውን አውልቀሽ ክሩን ብቻ ሳቢ።

ክሩ 15 ሳንቲ ሜትር ሲቀር አዲሱን ከኋላ ባሉት ረድፎች ውስጥ አሽከርክረሽ፣ መሀል ላይ ሁለት ግማሽ ቋጠሮ (በዶቃዎቹ መካከል ባለው ክር ላይ አንዴ ጠምጥሞ መሳብ) አስረሽ አሮጌው ወደ ወጣበት ቦታ አምጪው። ቋጠሮው ጠርዝ ላይ ከሆነ ይታያል፣ ቀዳዳም ይደፍናል።

የእጅ አንጓሽን ዙሪያ ለክተሽ 1 ሳንቲ ሜትር ጨምሪ። አንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ቁልፍ ስፊ፣ በሌላው ላይ ቁልፉን የሚያሳልፍ የዶቃ ቀለበት ሥሪና ክሩን ሦስት ጊዜ አሳልፊበት፤ አምባር ቶሎ የሚበጠሰው እዚያ ጋ ነው።

ቴሌቪዥን እያየሁ እሠራለሁ እንዳትዪ፣ ዐይንሽ ሁለት ቦታ አይሆንም፤ ሬዲዮ ይሻላል። ትሪው ከተደፋብሽ ደግሞ የቤት መጥረጊያ ማሽኑን አፍ በአሮጌ ስቶኪንግ ሸፍነሽ ምጠጪው፤ ዶቃው ስቶኪንጉ ላይ ይቀራል።

እናትሽ