ፓወርሼልን አትዝጉ፣ ሎጉን ክፈቱ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ስለ ኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። አብዛኛው ጥሩ ነው፤ መሥሪያ ቤቶች ፓወርሼልን፣ ማለትም ዊንዶውስን በጽሑፍ ትእዛዝ የምናስተዳድርበትን መሣሪያ፣ ጨርሰው እንዲዘጉ የሚመክረውን አንቀጽ ግን በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም። እንጀራዬ የአንድ ድርጅት ሰርቨሮችንና ኮምፒውተሮችን መጠበቅ ነው።

ሰርጎ ገብ በተሰረቀ የይለፍ ቃል ወይም በኢሜይል በተላከ ፋይል አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲገባ የት እንዳረፈ አያውቅም። ስለዚህ ምንም ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል። የገባሁት በማን አካውንት ነው? አድሚን (ሙሉ ሥልጣን ያለው አስተዳዳሪ) ነኝ ወይስ ተራ ተጠቃሚ? የዶሜይኑ (በአንድ ላይ የሚተዳደሩት የድርጅቱ ኮምፒውተሮችና አካውንቶች) አድሚኖች እነማን ናቸው? አሁንስ የትኛው ኮምፒውተር ላይ ናቸው? ለዚህ ቫይረስ አያስፈልገውም፤ ዊንዶውስ ይዟቸው የሚመጣው ሁአምአይ፣ ኔት ዩዘርና ጌት-ሎካልዩዘር የተባሉት ስለ ተጠቃሚዎች የሚጠይቁ ትእዛዞች ይበቁታል። ትእዛዞቹ እኛም የምንሠራባቸው ስለሆኑ አንቲቫይረስ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

ከፓወርሼል 5 ጀምሮ ስክሪፕት ብሎክ ሎጊንግ የሚባል የምዝገባ ቅንብር አለ። ሲበራ ፓወርሼል የሚፈጽመውን ኮድ በሙሉ በዊንዶውስ መዝገብ (ሎግ) ላይ በኢቨንት ቁጥር 4104 ይመዘግባል። ሰርጎ ገቡ ትእዛዙን ቤዝ64 በሚባል የጽሑፍ መቀየሪያ ዘዴ ሸፍኖ ቢልከውም፣ ኮዱ የሚሠራው ሲገለጥ ነውና ሎጉ ላይ የሚሰፍረው የተገለጠው ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሁአምአይን ጭራሽ አይጠራም፤ የተጠቃሚውን ማንነት ፓወርሼል ከተመሠረተበት የማይክሮሶፍት ፕላትፎርም ከዶትኔት በቀጥታ ይጠይቃል። አዲስ ፕሮሰስ (ሌላ ፕሮግራም) ስለማይነሳ የፕሮግራሞችን መነሳት የሚመዘግበው ኢቨንት 4688 ጥያቄውን አያየውም። 4104 ያየዋል።

አንድ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። በመዝገብ ቤት ሠራተኛ አካውንት የተሠራ አንድ ኮድ 4104 ላይ ተመዝግቦ አየሁ። የመጀመሪያው መስመር የአካውንቱን ስም ይጠይቃል፤ ሁለተኛው የዶሜይን አድሚኖችን ዝርዝር ይጠራል፤ ሦስተኛው ከእነሱ ማን የት እንደገባ ያስሳል። ደወልኩላት። ፓወርሼል የሚባል ነገር ከፍታ አታውቅም፤ ያደረገችው ከኢሜይል የመጣ ሰነድ መክፈት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን ወዲያው ከኔትወርክ ነቅለን የይለፍ ቃሏን ቀየርን። ሰርጎ ገቡ ገና የሚሄድበትን እየጠየቀ ነበር። ፓወርሼልን ዘግተነው ቢሆን ኖሮ ሌላ መሣሪያ ይፈልግ ነበር፤ እኔም ያን ሦስት መስመር አላገኘውም ነበር።

እርግጥ ነው፣ ሁአምአይ በተጠራ ቁጥር የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ማንንም ያሰለቻል። የእኛው የአድሚን ስክሪፕቶችና የንብረት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌሮችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። መታየት ያለበት ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ኮምፒውተርና በስንት ሰዓት እንደጠየቀ፣ ጥያቄዎቹም ተከታትለው መምጣታቸው ነው። እኔ የራሳችንን ስክሪፕቶች አንድ በአንድ ለይቼ አውጥቻለሁ። አድካሚ ሥራ ነው፤ ያለ እሱ ግን ሎጉን የሚያነብ ሰው አይገኝም።

ሎጉ በነባሪ 15 ሜጋባይት ብቻ ስለሚይዝ አዲሱ አሮጌውን ቶሎ ይደመስሰዋል። አድሚን የሆነ ሰርጎ ገብም ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ መጠኑን ማሳደግና ወደ ሌላ ሰርቨር ወዲያው መላክ ግድ ነው። ስክሪፕት ውስጥ የተጻፈ የይለፍ ቃልም አብሮ ስለሚመዘገብ ሎጉን ማንም እንዳያነበው ይጠበቅ። አሮጌው ፓወርሼል 2 ይህን ሎግ አያውቀውምና እሱ ይወገድ፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ፓወርሼል 7 ደግሞ የራሱ ቅንብርና የራሱ ሎግ አለው።

የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የኒውዚላንድ የሳይበር ደህንነት ተቋማት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በጋራ ያወጡት ምክርም ፓወርሼልን ከማስወገድ ይልቅ በአግባቡ አዋቅሮ መከታተል ይሻላል የሚል ነው።

በሚቀጥለው እትማችሁ ቢያንስ የስክሪፕት ብሎክ ሎጊንግ ቅንብር የሚገኝበትን ቦታ አትሙልን፦ ግሩፕ ፖሊሲ (የዊንዶውስ ቅንብሮች በጋራ የሚወሰኑበት ቦታ) ውስጥ በኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን ሥር አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ቀጥሎ ዊንዶውስ ኮምፖነንትስ፣ ከዚያ ዊንዶውስ ፓወርሼል።

ከአክብሮት ጋር
የሲስተም አስተዳዳሪ የሆንኩ አንባቢያችሁ