የነሐስ ዓመት፦ የጥንታዊ ሳንቲም ክበብ ዘገባ

ዘንድሮ የቅዳሜ ትምህርት ቤታችን የሳንቲም ክበብ የያዘው ከታላቁ እስክንድር በኋላ የተነሡ ነገሥታት ያሠሩትን ነሐስ ነው። የብር ሳንቲሙ ስለሚወደድብን ብቻ አይደለም። ብሩ የወታደር ደመወዝና የትልልቅ ነጋዴ ገንዘብ ነበር። ነሐሱ ግን ገበያ ወርዶ ዳቦና ዓሣ ገዝቷል። ብዙው ፊቱ የተበላው ለዚህ ነው፤ እኔም የምወደው ለዚሁ ነው።

ለገና የምስር ሳምቡሳ ሸጠን 230 ዶላር አገኘን፤ በሱ 4 ሳንቲም ገዛን። ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት የሌለውን አልነካንም። ተሰርቆ የተቆፈረ ሳንቲም ታሪኩ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል።

ከገንዘባችን ከግማሽ በላይ የወሰደው የግብጹ ነው። 35 ግራም ይመዝናል፤ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ይከብዳል። በአንድ ፊቱ የበግ ቀንድ ያለው ዜውስ አሞን የሚባለው አምላክ፣ በሌላው መብረቅ ላይ የቆመ ንስር አለ። በሁለቱም ፊት መሃል ላይ ትንሽ ስርጉድ ትታያለች። ጽሑፉ በግሪክኛ “የንጉሥ ፕቶለሚ” ይላል፤ “የ” አለበት፣ ሳንቲሙ የሱ ነው ለማለት። ግን የትኛው ፕቶለሚ? ከእስክንድር በኋላ ግብጽን የገዙት የዚያ ቤት ነገሥታት ሁሉ ስማቸው ፕቶለሚ ነው፣ ቁጥር ደግሞ አይጽፉም። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን።

አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ የስልኳን መብራት ከጎን አስጠግታ ሳንቲሙን አዘነበለችው። “ቲቸር፣ የክርስቶስ ምልክት!” አለች። እውነትም በንስሩ እግሮች መሃል ኺ እና ሮ የሚባሉት፣ የክርስቶስ ስም በግሪክኛ የሚጀምርባቸው ፊደላት ተደርበው ተቀርጸዋል። ሳንቲሙ ግን ከክርስቶስ ልደት ከ200 ዓመት በላይ ይቀድማል። ያን ጊዜ የሳንቲም ሠሪዎቹ ምልክት ነበር። ከንስሩ ፊት ፍሬ የሞላ ቀንድም አለ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ሰውየው ሦስተኛው ፕቶለሚ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ246 እስከ 222 የገዛው። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ይሄው ንጉሥ ለጦርነት ዝሆን ከቀይ ባሕር ዳርቻ ያስመጣ ነበር። ይህን የሚናገር የድንጋይ ጽሑፍ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ ላይ አግኝቶ ገልብጦታል፤ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለው አዱሊስ። ስነግራቸው ዝም ብለው ሳንቲሙን ነበር የሚያዩት።

ሌላው ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነው የሶርያው ንጉሥ የአራተኛው አንጥያኮስ ነው፣ የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ያረከሰው። እሱ ላይ ጉዳት ደርሷል። አንድ ልጅ ሊያሳምረው ብሎ ቤት ወስዶ በሎሚና በጨው ፈተገው። ከ2,000 ዓመት በላይ የፈጀው አረንጓዴ ቆዳ በአንድ ማታ ተገፎ ቀይ ሆኖ መጣ። አልተቆጣሁትም። አስቀድሜ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ነሐስ ላይ ጨውና እርጥበት ከተገናኙ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ይነሣና ብረቱን ይበላዋል፤ የነሐስ በሽታ ይባላል። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ቀድሞ ሣጥኑን የሚከፍተው ያ ልጅ ነው። አራቱንም ዳር ዳራቸውን አይቶ ሳይጨርስ ማጉያውን ለማንም አይሰጥም።