ደጃፍ ላይ ስለቀረችው ደረጃ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በአራት ኪሎ አካባቢ የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ የመንገድ ቀያሽ ነኝ። ዕድሜዬ 74 ዓመት ሲሆን ጉልበቶቼ ከዳገትና ከደረጃ ጋር ከተጣሉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ላማርር አይደለም። ካለፈው ዓመት ወዲህ በባትሪ በሚሠራ ተሽከርካሪ ወንበር ከልጅ ልጆቼ ጋር ከተማዬን እንደ አዲስ እያየሁ ነው፤ በዚሁ መካከል በየሕንፃው ደጃፍ ስላሉት መወጣጫዎች የታዘብኩት አንድ ጉዳይ ለሕንፃ ባለቤቶችና ለግንበኞች ሊነገር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ልጆቼ ወንበሩን ያመጡልኝ ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ሳሎን ውስጥ አንሶላ ለብሶ ተቀምጧል። በእኛ ዘንድ ዊልቸር ላይ መቀመጥ የሰው ነገር ማብቂያ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ጎረቤት ሁሉ ከንፈር ሊመጥልኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ፍርሃቴም ጨርሶ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ በወጣሁበት በመጀመሪያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ወንበሬን አቁሜ ስጸልይ፣ አንዲት እናት ዐሥር ብር ጭኔ ላይ አስቀምጠው «እግዚአብሔር ይማርዎት» ብለውኝ አለፉ። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ብሩን አንሥታ ካየችው በኋላ «አባባ፣ ነገም እንምጣ» አለችኝ። ስቄ ስጨርስ ኀፍረቱም አብሮ ሄደ።

አሁን ይህችን ልጅ ከትምህርት ቤት የማመጣት እኔ ነኝ። ቀድሞ እጇን ይዤ ስሄድ በየሃምሳ እርምጃው አጥር እየተደገፍኩ አስጠብቃት ነበር፤ ዛሬ «ቀስ በል» የምትለው እሷ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከስደት ወደ አዲስ አበባ የተመለሱበትን ዕለት ከሚያስታውሰው የድል ሐውልት ተነሥተን ወደ ፒያሳ እንጓዛለን። መንገዱ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁለት፣ ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው። የሁለቱ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ጉልበት የሚለካው ዳገቱ ላይ ሲሆን፣ ቁልቁለቱ ላይ እጀታውን ለቀቅ ሳደርገው ፍሬኑ ራሱ ስለሚይዝ አያሰጋኝም። ማታ መብራት የጠፋ እንደሆነ ባትሪው ስለማይሞላ የማግስቱ ጉዞ አጠር ይላል። በፋሲካ ሰሞን ባትሪዎቹን አውልቀን፣ ወንበሩን አጥፈን መኪና ላይ በመጫን ቢሾፍቱ ድረስ ሄደን ነበር፤ ለዓመታት «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ስል የኖርኩት ሰው ሆራ ሐይቅ ዳር ከቤተሰቤ መሀል ተቀምጬ ምሳ በላሁ።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል የእግረኛውን መንገድ በማስፋቱ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ውለታ ነው። የፒያሳ የድሮ ጎረቤቶች በየአቅጣጫው በመበተናቸው በመንገዱ ላይ ቆሜ ሰላም የምለው ሰው ማነሱ ቅር ቢለኝም፣ መንገዱን ግን አላማውም።

ችግሬ የሚጀምረው መንገዱ አልቆ ደጃፍ ላይ ስደርስ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36፣ ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀሙ ሰዎች፣ እንዲሁም መራመድ ቢችሉም ደረጃ መውጣት የማይችሉ ሰዎች የሚገቡበት መንገድ እንዲኖረው አዝዟል። ስለዚህ በብዙ ሕንፃዎች በር ላይ ከደረጃው ጎን ተዳፋት መወጣጫ አለ። ይሁንና መወጣጫ መኖሩና ሰው የሚወጣበት መሆኑ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሙያው የተለመደው ልክ አንድ ለ12 ነው፤ ይኸውም ከፍታው 15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ አንድ ደረጃ 1.80 ሜትር፣ ለአራት ደረጃ ደግሞ 7.20 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል ማለት ነው። በቅርቡ ለደም ምርመራ የሄድኩበት አንድ ሕንፃ አራት ደረጃ ሲኖረው መወጣጫው በሜትር ተለክቶ 1.80 ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ አንድ ለሦስት መሆኑ ነው። በዚያ ላይ የተነጠፈው የሚያንጸባርቅ ሴራሚክ በመሆኑ፣ ክረምት ሲገባ እንኳን ጎማ ጫማም አይቆምበትም። በእንዲህ ያለ ተዳፋት ወንበሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ጥበቃዎቹ በትሕትና «አባታችን፣ ተሸክመን እናስገባዎት» አሉኝ። አመሰገንኳቸው እንጂ አልፈቀድኩም፤ ወንበሩ ከነባትሪው ለአራት ጎልማሳም ይከብዳል፣ እኔም የልጅ ልጄ እያየች እንደ ዕቃ መነሣት አልወደድኩም። ልብ ይበሉ፣ ያ መወጣጫ ገንዘብ ወጥቶበታል፣ ግንበኛ ውሎበታል፣ ምናልባትም ተፈትሾ አልፏል።

ቦታ ጠቧቸው ይህን ያህል ርዝመት በቀጥታ ማውጣት ለማይችሉ፣ መሀል ላይ ማረፊያ ሰጥቶ ማዞር ይቻላል። ከሁሉ የሚቀለው ግን አዲስ የሚሠራ ደጃፍን ከመጀመሪያው ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ማድረግ ነው። ስለዚህ ደጃፋቸውን ለማስነጠፍ አሸዋና ሲሚንቶ ያስመጡ ሁሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከፍታውን ለክተው በ12 እንዲያባዙት፣ ንጣፉንም ሻካራ እንዲያደርጉት በጋዜጣዎ በኩል እለምናለሁ። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባለው መንገድ ላይ ስለ ልኩ የሚያማክረው ሰው የሚፈልግ ካለ፣ ውኃ ልኬን ይዤ በነፃ እመጣለሁ፤ ደርሶ መልስ ባትሪዬ ይበቃኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጡረተኛ ቀያሽ፣ ከአራት ኪሎ